ከባህል ቀኑ በፊት የምሳ ዕቃውን ተመልከቺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ኃላፊነት በቅርቡ ተረክበሻል፤ ቤተሰቦቹ በቋንቋም በሃይማኖትም በኑሮም ለየቅል ናቸው፤ ለስብሰባ ሲጠሩ አይመጡም፤ አንዲት እናት በምሳ ጉዳይ ተቆጥታ ልጇን ላስወጣ እያለች ነው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ደግሞ «ኅዳር ላይ ደመቅ ያለ የባህል ቀን አዘጋጂና ሁሉም ይረጋጋል» ብለውሻል። ይበቃል ወይ ነው ያልሽው። አይበቃም። ዕድሜሽን ሳላውቅ አንቺ ማለቴን በታላቅ እህትነት ቁጠሪልኝ፤ 16 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ውስጥ 9 ዓመቱን አዲስ አበባ፣ ከቦሌ ሚካኤል ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በርዕሰ መምህርነት።

በርዕሰ መምህርነቴ የመጀመሪያ ዓመት የሆነውን ላስቀድም። ከጅግጅጋ በቅርቡ የመጣ ቤተሰብ የ4 ዓመት ልጁን ነርሰሪ አስገባ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ከረፋዱ ጀምሮ «ቢዮ፣ ቢዮ» እያለ ያለቅሳል። መምህሯ ጎበዝ ናት፤ ሽንቱ የመጣ መስሏት ሁለት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ወሰደችው። ቀጥሎ የወንድሙን ስም እየጠራ ይሆናል ብላ በየክፍሉ አዞረችው። እኔም ተጠርቼ መጣሁ፤ አቀፍኩት፣ ብስኩት ሰጠሁት፣ ባሰበት። ኮሪደሩን ስትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን ድሬዳዋ ያደገች ናት። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ውሃ እኮ ነው የሚላችሁ» አለች። ልጁ አንድ ኩባያ ውሃ ሳይተነፍስ ጠጣ። በደረቅ ብስኩት ጥሙን ያባባስኩበት እኔ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወፍራም ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ፤ በገጹ ላይ ልጁ በቤቱ ውሃን፣ ሽንትን፣ አመመኝን፣ እንቅልፍን ምን እንደሚላቸውና ሲከፋው ማንን እንደሚጠራ። ውሃን ብቻ ብወስድልሽ በዚያ ዓመት ቢዮ፣ ቢሻን፣ ማይ እና ሃታ የሚሉ ልጆች ነበሩኝ። መምህራኑ ገጾቹን በየክፍላቸው ግድግዳ ላይ ገልብጠው ለጠፉ። የጽዳት ሠራተኛዋንም ከዚያ ወዲህ በወር ትንሽ ጭማሪ አድርገን በአስተርጓሚነት አሠራናት። ዘበኛሽን፣ ምግብ አብሳይሽን፣ ረዳት መምህራንሽን ምን ቋንቋ እንደሚችሉ ጠይቂያቸው፤ ግቢሽ ውስጥ ያለውን ሀብት ሳታውቂ ውጭ አትፈልጊ።

ደብተሩ የተሞላው በምዝገባ ቀን ነው። የወረስኩት የምዝገባ ቅጽ ብሔርና ሃይማኖት የሚሉ ሁለት መስመሮች ነበሩት፤ ሁለቱንም አወጣኋቸው። የቤተሰቡን ሃይማኖት ማወቅ ልጁ ረቡዕ ዕለት እንቁላል ይብላ አይብላ አይነግርሽም፤ በአንድ እምነት ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸውና። በምትኩ ማን ያበላዋል፣ የማይበላው ምንድን ነው፣ ከማን ጋር ይተኛል፣ በቤት ስሙ ማን ይባላል፣ ማን ይወስደዋል፣ ማን እንዲወስደው አይፈለግም ብዬ እጠይቃለሁ። ቅጹንም ለወላጅ አልሰጥም፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ እኔው እጽፋለሁ። ማንበብ ለማይችሉ አያት ወረቀትና እስክሪብቶ ማቀበል ገና በደጅ ማሳፈር ነው። ለአንድ ቤተሰብ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ረዘመ አትበይ፤ ዓመቱን ሙሉ ትቆጥቢበታለሽ።

የልጁ ስም ቤቱ የሚጠራው ነው። ከበዳት ብላ የምታሳጥርና የምትለውጥ መምህርት ካለች አስቁሚያት።

አሁን ወደ ምሳው ልምጣ፤ ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነውና። እኛ አገር ልጅ የሚያድገው «ብቻህን አትብላ» እየተባለ ነው። መምህራኖቼም ልጆቹ እርስ በርስ ሲጎራረሱ ደስ ይላቸው ነበር፤ እኔም እንዲሁ። ፋሲካ ባለፈ ሰሞን አንዲት ልጅ በዶሮ ወጥ የራሰ እንጀራ ጠቅልላ ለጓደኛዋ አጎረሰቻት። ጓደኛዋ ከሙስሊም ቤት ናት። በማግስቱ አያትየው መጡ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ያጎረሰችው ልጅ ደግ ልጅ ናት፤ ምርቃቴ ይድረሳት። ጥፋቱ የእናንተ ነው» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ በገና ጾም የአንዱ ልጅ የእንቁላል ሳንድዊች ወደ ሌላው ልጅ አፍ ገብቶ፣ እናቱ ቅር ብሏት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን የመጾም ግዴታ እንደሌለበት ብነግራት ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ የእሷ ነገር እኔ ሳልጠየቅ እንዴት ተደረገ የሚል ነው። ያንቺም እናት ነገሯ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

መጎራረስን መከልከል አልፈለግሁም፤ ልጅን ከጓደኛው ምግብ ማራቅ ከጓደኛው ማራቅ ይሆናል። ከብዙ ውይይት በኋላ በየጠረጴዛው መሃል አንድ የጋራ ሳህን አደረግን። ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ አንዳንዴም ብርቱካን ይቀመጥበታል፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይገባበትም። ማጉረስ ከጋራው ሳህን ብቻ፣ የምሳ ዕቃው ግን የየራስ። ቆሎ ይጨመር ያሉ ወላጆች ነበሩ፤ ለዚህ ዕድሜ ያንቃልና እምቢ አልኩ። ልጆቹ ሥርዓቱን በአንድ ሳምንት ለመዱት፤ መምህራኑ አንድ ወር ፈጀባቸው።

ያልጠበቅሁት ጥቅምም አገኘሁበት። ያንድ ልጅ ዕቃ ውስጥ ፓስታና ጭማቂ፣ የሌላው ውስጥ ደረቅ ዳቦ ሲሆን ልጆች ያያሉ፤ ዳቦ የያዘው ልጅ ክዳኑን በግማሽ ከፍቶ በእጁ ከልሎ ነው የሚበላው። የጋራው ሳህን ከመጣ በኋላ ያ እጅ ቀስ በቀስ ከክዳኑ ላይ ተነሣ። የታሸገ ጭማቂና ብስኩት እንዳይመጣም በዚያው ዓመት ከለከልን። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ስላለ ይህ ችግር ቀለል ይላል፤ እንደ እኛ ያሉት ግን ራሳቸው መላ መፍጠር አለባቸው።

በረመዳን ሕፃናቱ አይጾሙም፤ ቤቱ ግን ለሱሁር በሌሊት ስለሚነሣ ብዙዎቹ እንቅልፍ ሳይጠግቡ ይመጣሉ። በዚያ ወር ፍራሾቹን ከምሳ በፊት እናነጥፍ ነበር፤ የደከመው ይተኛል፣ ያልደከመው ይጫወታል። ለዚህ ስብሰባም ደብዳቤም አላስፈለገም።

ስለ ስብሰባ ካነሣሁ፣ ወላጆች አይመጡም ያልሽው የምትጠሪበትን ቀን አስቢው። ቅዳሜ ነጋዴው ሱቅ ላይ ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያንና ዕድር አለ፤ ዓርብ ከሰዓት ጁምዓ፤ በሥራ ቀን ማን ያስፈቅዳል? ቢመጡም ሁለት የተማሩ አባቶች ይናገራሉ፣ ሌላው ወለሉን ያያል። እኔ ትልቁን ስብሰባ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ አድርጌ፣ በየቀኑ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡15 በሩ ላይ መቆም ጀመርኩ። ወንበር የለም፣ ማስታወሻ መያዣ የለም። ለእያንዳንዱ አድራሽ ስለ ልጁ አንድ ነገር እነግረዋለሁ፦ «ትናንት ጫማውን ብቻውን አደረገ»። ሁለት ወር ሳይሞላ እነሱም መናገር ጀመሩ። የመገናኛ ደብተሩ ለሚያነቡት ይቀጥላል፤ ለማያነቡት መምህሯ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ትልካለች።

በሩ ላይ የምታገኚው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወላጅ አይደለም። ከገጠር የመጣች የ16 ወይም የ17 ዓመት የቤት ሠራተኛ ናት። መምህራን «እናቱ ትምጣ» ብለው ያሳልፏታል። ስህተት ነው። ልጁን ቀኑን ሙሉ የምታውቀው እሷ ናት። በቤቱ አማርኛ ብቻ የሚነገር አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ከፍ ዝቅ ስትጫወት በወላይትኛ ትቆጥር ነበር። ሞግዚቷ የሶዶ ልጅ ናት፤ እናትየው ከእኛ ነው የሰማችው። ለሞግዚቶቹ በወር አንድ ቀን ከሰዓት ሻይ አፍልተን፣ ትኩሳት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ልጅ ሲያስቸግር ያለ ዱላ እንዴት እንደሚያዝ እናወራ ነበር። ያቀረብነው ሁሉ ተደምሮ ከዚህ በላይ የጠቀመን የለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። «ቋንቋ ስለማትችል ነው ዝም የምትለው» የሚለው ቃል ምቹ መሸሸጊያ ነው። ለ5 ወር ያህል አማርኛ እስክትለምድ ብለን የታገስናት ልጅ ነበረች፤ የጆሮ ሕመም ነበረባት፤ በቤቷም ቋንቋ አትመልስም ነበር፤ እኛ ግን ቤቷን አልጠየቅንም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፉ የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍ ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያዘጋጁት ነው፤ ይህን ይዘሽ በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂ። እኛን በዓመት አንድ ጊዜ ዓይንና ጆሮ የሚያይ ባለሙያ ይልኩልን ነበር።

ስለ እንግሊዝኛም ይመጡብሻል። አንዱ ወላጅ «ለምን ከፍያለሁ፣ ገና ኤቢሲዲ አይጽፍም» ይላል፤ ሌላው በቄስ ትምህርት ቤት ወይም በቁርአን ቤት ተቀምጦ በቃሉ ሲወጣ ያደገ ነውና፣ የሚጫወት ልጅ የሚማር አይመስለውም። ሁለቱም የሚመኙት ልጁ እንዲያልፍለት ነው። አትከራከሪያቸው፤ ክፍል አስገብተሽ አሳዪያቸው። ልጁ ባቄላና ሽንብራ ሲለይ፣ ጠርሙስ ክዳን ሲከፍት፣ ይህ ጣት ነው ነገ እርሳስ የሚይዘው በያቸው።

የራሴን ጥፋት ሳልነግርሽ አልጨርስም። ወርኃዊ ክፍያ የዘገየባቸውን ቤተሰቦች ማስታወሻ በልጆቹ ቦርሳ እልክ ነበር፤ ለማመቸት ብዬ ቢጫ ወረቀት መረጥኩ። አንድ ቀን የ5 ዓመት ልጅ ቢጫውን ወረቀት አጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ሲከት አየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ቢጫ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ገንዘብ የሚነገረው ለአዋቂ፣ በስልክ፣ በእኔ አፍ ብቻ ሆነ።

ወደ ባህል ቀኑ ልመለስ። እኛም አድርገነዋል፤ ልብስ አከራዩ በደንብ ተጠቅሟል። አባቱ ጉራጌ እናቱ ትግሬ የሆነ ልጅ ነበረን፤ እናትየው ዋዜማውን ደውላ «የትኛውን ላልብሰው? የአንዱን ባለብስ የአንዳችን ቤተሰብ ፎቶውን ያያል» አለችኝ። ልብስ መከራየት ያልቻሉት ደግሞ ልጆቻቸውን በዚያ ቀን አመማቸው ብለው አስቀሩ። ለባለቤቱ እምቢ አትበያቸው፤ ሌላ ነገር አቅርቢላቸው። እኛ ከየቤቱ አንድ አንድ ዕቃ ለመጫወቻ ጥግ ይምጣ አልን፤ ያረጀም ይሁን የተሰነጠቀ። ጀበና፣ ሙዳይ፣ አገልግል፣ ጭልፋ፣ የወተት መያዣ መጣ። አንዲት የዶርዜ አያት ዕቃ ከምሰጥ ራሴ ልምጣ ብለው እንዝርትና ጥጥ ይዘው መጡ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሲፈትሉ 22 ልጆች ከበቧቸው፤ አንድም ልጅ አላለቀሰም፣ አንድም አልተነሣም። ሲጨርሱ በየልጁ አንጓ ላይ ክር አሰሩላቸው። በማግስቱ የእጅ ክራቸውን ሳይፈቱ ነው የመጡት፤ ግማሾቹም ከየትራሳቸው ጥጥ መዘው ይዘው ነበር፤ እናቶች በሩ ላይ እየሳቁ ከሰሱን። ያወጣነው የሻይና የዳቦ ነው።