አጥንት ልያዝ ወይስ ድንጋይ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ኪሎ አርኪዮሎጂ እማራለሁ፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ መምረጫው ደርሷል። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም የሚመኘው እንደ ሉሲ ያለ ነገር ማግኘት ነው፤ የእኔም ልብ እዚያው ነው። ጓደኛዬ ግን «ቅርስ አስተዳደር ያዢ፣ ሥራ ያለው እዚያ ነው» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ «ድንጋይ ቆፍረሽ ምን ልትበዪ ነው?» እያለች የማታ አካውንቲንግ እንድጀምር ትጨቀጭቀኛለች። የቱን ልያዝ?
ግራ የገባት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እናትሽን አትቀየሚያት። ስለ እንጀራሽ ነው የጨነቃት፤ እሱን እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አጥንት። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ የነበረውን ደስታ ሁሉም ያወራዋል። ከመገኘት በኋላ ያለውን ሥራ ግን የሚያወራው ጥቂት ነው። ሰላም የተባለችውን የዲኪካ (አፋር) ሕፃን ቅሪተ አካል አስቢ። የተገኘችው በ1993 ዓ.ም. ነው፤ ለዓለም የተነገረችው ግን መስከረም 1999 ላይ። ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በእነዚያ ዓመታት ዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አጥንቷ ላይ ተጣብቆ የደረቀውን አሸዋማ ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሱ ነበር። ይህን ስታነቢ እጅሽን ከበላሽ አጥንት ያንቺ ነው። እንዲያ ከሆነ ጂኦሎጂና የሰውነት አካል ጥናት ከአሁኑ ጀምሪ፤ የዶክተሩም የመጀመሪያ ዲግሪ ጂኦሎጂ ነው።

እኔ ራሴ አጥንት ብዬ ገብቼ በድንጋይ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያ ፊልዴ ላይ የተሰጠኝ ሥራ ገል ማጠብ ነበር። አንድ ባልዲ ውሃ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሶ መፈተግ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ሸክላ ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። አንድ ከሰዓት ታዲያ ከኔ በፊት የገባች ልጅ አንዲት ጥቁር የባልጩት ስንጣሪ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «በጥፍርሽ ዳሺያት» አለችኝ። የተመታችበት ጫፍ ስር እንደ ሽንብራ ያበጠች ጉብታ አለች። ድንጋዩ ከየት በኩል እንደተመታ የምታሳየው እሷ ናት። ሰው እጅ ውስጥ የነበረ ነገር እንደያዝኩ ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ፣ ማታም ፍራሼ ላይ ሆኜ በባትሪ አያት ነበር።

ስለዚህ «ዝነኛው የቱ ነው?» ብለሽ አትምረጪ። አራት ሰዓት ሙሉ ስልክሽን ሳትነኪ አብረሽው የምትቀመጪው ነገር የቱ ነው? ለአንዱ ሰው የእንስሳት አጥንት ነው፤ ለሌላው ከአመድ መሃል በውሃ አንሳፍፈው የሚለቅሙት የተቃጠለ እህል። ቁፋሮ ጭራሽ የማይስበው፣ ከሰው ጋር ማውራት የሚወድም አለ። ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች መፋቂያቸውን ከድንጋይ ራሳቸው ጠርበው ሲሠሩ አጥኚዎች አብረዋቸው ቁጭ ብለው መዝግበዋል። እሱም አርኪዮሎጂ ነው፣ እንደውም ለኛ አገር ልጅ ሰፊ በር ነው።

አሁን ወደ እንጀራው። የቁፋሮ ፕሮጀክት የወቅት ሥራ ነው፤ ሁለት ወር ሠርተሽ አሥር ወር ልትጠብቂ ትችያለሽ። ቋሚ ደመወዝ ያለው ሙዚየም፣ ቅርስ ባለሥልጣን፣ የክልል ባህል ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው። መንገድና ግድብ ከመሠራቱ በፊት የሚደረግ የቅርስ ዳሰሳም አለ። ጓደኛሽ በዚህ አልተሳሳተችም። ግን ቅርስ አስተዳደር ብቻውን ይዞ የወጣ ሰው ዕቃው ፊቱ ሲቀመጥ ምን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። አንድ ነገር በደንብ እወቂ፣ አስተዳደሩን በላዩ ጨምሪበት። የማታውን አካውንቲንግ ተዪውና በዚያ ሰዓት ጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራት፣ ተማሪ። ካርታ መሥራት የሚችል ሰው በየፕሮጀክቱ ይፈለጋል፣ ከአርኪዮሎጂ ውጭም ያበላል።

ርዕስሽን ከማስገባትሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊልኝ። አንደኛ፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሂጂና ሉሲን አልፈሽ የድንጋይ መሣሪያዎቹ ጋ ቁሚ። ሁለተኛ፣ አንድ ቅዳሜ በቡታጅራ መንገድ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ ወደተገኘበት መልካ ቁንጡሬ ውረጂ፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሐምሌ 2016 ከጎረቤቱ ከባልጪት ጋር የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ። ድንጋይ ቆፍሮ ምን እንደሚገኝ አብራችሁ እዩት፤ ከዚያ የቱ ላይ ዓይንሽ እንደቀረ ጻፊልኝ።