መጠለያው በር ላይ የቆመውን ሰው መጀመሪያ ስሙት

ውድ ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ በእንስሳት መጠለያ በበጎ ፈቃድ ልታገለግሉ አስባችኋል። ሌሎቻችሁ የእንስሳት ሕክምና እየተማራችሁ ነው። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ያሳለፍኩ ሐኪም ስለሆንኩ ስለ ውሻና ድመት ብዙ ላወራችሁ እችላለሁ። ዛሬ ግን ይዟቸው ስለሚመጣው ሰው ነው የምጽፍላችሁ።

ሥራ በጀመራችሁ ሰሞን አንድ ሰው ውሻውን ይዞ ይመጣና «ተቀበሉኝ፣ ከዚህ በላይ ማሳደግ አልቻልኩም» ይላችኋል። ደማችሁ ይፈላል። «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ወሰደው?» ማለት ያምራችኋል። ግን እስቲ ፊቱን እዩት። ጨካኝ ሰው እዚህ ድረስ አይደክምም፤ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ይህ ሰው እናንተ ጋ የመጣው ጭንቅ ይዞት ነው።

ስለዚህ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ወንበር ስጡትና አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ምን ቢሟላልዎት አብሮዎት ሊቆይ ይችላል?» መልሱን ስትሰሙ ትገረማላችሁ። ሥራ ጠፍቶ የውሻው ምግብ ከብዶታል። ሆስፒታል ሊተኛ ነው፣ የሚጠብቅለት ዘመድ የለም። ውሻው ሌሊት እየጮኸ ጎረቤት ተማሯል። በትዳሯ ድብደባ የሚደርስባት ሴት ደግሞ ውሻዋን ለማን ትቼ ልውጣ ብላ እዚያው ቤት ትቆያለች። ለእነዚህ ሁሉ መጠለያው አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። የተወሰነ ጊዜ ቀለብ፣ ለጥቂት ሳምንት ማደሪያ፣ ከአሠልጣኝ ጋር መገናኘት። ከዚህ ሁሉ አንዱ ተሟልቶ ውሻው ከጌታው ጋር ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ለእኔ የመጠለያ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው።

አንዲት ሴት ወንድ ድመቷን በካርቶን ይዛ መጣች። «ሶፋ ላይ ይሸናል፣ አልጋ ላይ ይሸናል። ተቀይሞኝ ነው መሰለኝ፣ በቃኝ» አለች። ድመቱን ክፍል ውስጥ ለቀቅነው። ጥግ ይዞ ቁጢጥ አለ፣ አማጠ፤ የወጣው ጠብታ ነው። ከዚያ ሌላ ጥግ ሄዶ እንደገና አማጠ። ሆዱን ስዳስሰው ፊኛው ተወጥሮ ደንድኗል። የሽንት መውጫው ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ወንድ ድመት ሽንቱ ሙሉ በሙሉ ከታገደ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ያን ቀን ማንም ሳይጠይቃት ቅጽ ሞልታ ብትሄድ ኖሮ፣ «ጸባይ የሌለው» ተብሎ ኬጅ ውስጥ ይገባ ነበር። ታከመ፣ ምግቡ ተቀየረ፣ ይዛው ሄደች።

እናንተም ልብ በሉ። ድመት በድንገት ከመጸዳጃ ሳጥኑ ውጪ መሽናት ከጀመረ ከቁጣ በፊት ሐኪም ይየው። ያመመውን ድመት ደግሞ ፓራሲታሞል እንዳይሰጡት ለባለቤቶች አስረግጣችሁ ንገሩ። ለእኛ ተራ ክኒን ነው፤ ድመትን ግን ይገድላል።

ክትባትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ ለተነከሰ ልጅ ክትባት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ይሞታል። በሽታው ምልክት ማሳየት ከጀመረ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ ደግሞ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይገታል። እንግዲህ መጠለያ አቅም ለሌለው ሰው ውሻውን በነፃ ሲከትብለት የሰፈሩን ልጆች ሁሉ እየጠበቀ ነው። የተነከሰ ሰው ካጋጠማችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ማምከንንም አትርሱ። «ገና ልጅ ናት» የምትባል ድመት በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች።

እንስሳው ቤቱ ቢቆይ ይሻላል የምለው መጠለያን ንቄ አይደለም። የቱንም ያህል ብንተጋ መጠለያ ለእንስሳ ከባድ ቦታ ነው። ጩኸት አለ፣ የማያውቀው ሽታ አለ፣ በሽታ አለ። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በጫማችሁና በልብሳችሁ ከአንዱ ቡችላ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ወለል ላይ ወራት ይቆያል፤ በሳሙና ብቻ አይሞትም። ቆሻሻው በደንብ ከታጠበ በኋላ በውሃ የተበረዘ በረኪና ያስፈልገዋል። አዲስ የገባ ድመት ደግሞ መደበቂያ ይፈልጋል። ባዶ ካርቶን አግድም አድርጋችሁ ኬጁ ውስጥ አስገቡለት፣ የኬጁን ግማሽ በጨርቅ ሸፍኑለት። ከቤቱ የመጣ፣ የጌታው ጠረን ያለበት ብርድ ልብስ ካለ ለማጠብ አትቸኩሉ።

አንዳንዴ እርግጥ ምንም መላ አይገኝም። ያኔ እንስሳውን ተቀበሉ፣ ሰውየውንም በክብር ሸኙት። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የተቆጣችሁት ሰው እውነቱን አይነግራችሁም። ውሻው ባለፈው ወር ልጅ መንከሱን ይደብቃችኋል፤ እናንተም ሳታውቁ ሕፃን ላለበት ቤት ትሰጡታላችሁ። የተከበረ ሰው ግን ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ምን እንደሚፈራ፣ ማታ የት እንደሚተኛ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ከሌላ ውሻ ጋር ይስማማ እንደሆነ። ሁሉንም ጻፉት፤ አዲሱ አሳዳጊ ከማንም በላይ የሚፈልገው ይህን ወረቀት ነው።

ሰውየው ሊሄድ ሲል ደግሞ የእንስሳውን ወሬ መስማት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። እፈልጋለሁ ካለ ስልኩን ያዙ። ውሻው ቤት ያገኘ ቀን ራሳችሁ ደውሉለት፣ ለሌላ ሰው አትተዉት።