ከዓይኗ ሥር ቀዳዳ ያላት ጥጃ፦ ይተኮስ ወይስ ይተው?

ጥያቄው የመጣው ከደንበጫ አካባቢ ነው። «ክልሷ ላሜ ከወለደች ሦስት ወር ሆናት። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ትጠባለች፣ ትቦርቃለች። ግን ከግራ ዓይኗ ማዕዘን ዝቅ ብሎ፣ ወደ አፍንጫዋ በኩል፣ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለች። እንባዋ በዚያ ይወርዳል፣ ዝንብ አያጣትም። ጎረቤት በጋለ ብረት ተኩሰው ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ጋሼ፣ እባክዎ አይተኩሱ። ምክንያቱን ልንገርዎ።

እንባ የሚመነጨው ከዓይን በላይ ካለ እጢ ነው። ዓይኑን ካጠበ በኋላ በአፍንጫ በኩል ባለው ማዕዘን፣ የላይኛውና የታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ ባሉ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። ከዚያ በአጥንት ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። እኛም ስናለቅስ ንፍጥ ንፍጥ የሚለን ለዚህ ነው። ቱቦው የሚሠራው ጽንሱ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ነው፤ አንዳንዴ ታዲያ ትርፍ ቅርንጫፍ ያወጣና ቆዳው ላይ ይከፈታል። በሆልስታይንና በብራውን ስዊስ ከብቶች ላይ ታይቷል። የሰው ልጅም አንዳንዴ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ ቡዳ አይደለም፣ ላሟ እርጉዝ ሳለች እርስዎ ያጎደሉባት ነገርም የለም።

ዋናው ነገር ቀዳዳዋ አብራ ተወልዳ ነው ወይስ በኋላ የመጣች የሚለው ነው። አብሮ የተወለደ ቀዳዳ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ዙሪያው ፀጉር አለው፣ ሲነኩት ጥጃዋ አትሸሽም፣ የሚወጣውም እንደ ውሃ የጠራ እንባ ነው። በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። ቀንድ ወይም እሾህ ወግቷት፣ ወይም ውስጥ ያለው የእንባ ከረጢት መግል ቋጥሮ ቆዳውን በስቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይሸታል። በፈረስና በበቅሎ ላይ ደግሞ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥሩ ሲመረቅዝ እንዲህ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ በቅሎ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ያዙልኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሚያነባ ዓይን ሁሉ ቀዳዳ ስላለው አይደለም። ዝንብ የሚያስተላልፈው የዓይን ትል አለ፣ በውቂያ ጊዜ የሚገባ የጤፍ እብቅ አለ፣ በዝንብ ከከብት ወደ ከብት የሚዛመት የዓይን በሽታም አለ። ብሌኗ ነጭ ካበጀ ወይም ብርሃን ስታይ ከጨፈነች ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይውሰዷት።

አሁን ወደ መተኮሱ። ብረቱ ቀዳዳዋን ይዘጋ ይሆናል፣ ግን ወደ አፍንጫ የሚወርደው ዋናው ቱቦ ክፍት መሆኑን ማን አየ? እሱ ዝግ ከሆነ ይህቺ ቀዳዳ የእንባው ብቸኛ መውጫ ናት። መውጫውን ሲደፍኑበት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይመግላል። ጠባሳው ደግሞ ቆቡን ስቦ ዓይኗ በደንብ እንዳይከደን ያደርገዋል። ቱቦው ክፍት መሆኑን የሐኪሙ ማቅለሚያ ያሳያል፦ ዓይኗ ውስጥ ጠብ ያደርገውና ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ቀለሙ በአፍንጫዋ ወጣ ወይስ በቀዳዳዋ ብቻ ብሎ ያያል። ቀዳዳው ውስጥ ሽቦ፣ ስንጥር፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ምንም አይክተቱ። ጨው አኝኮ መትፋትም ይቅር።

እንዳሉኝ ንቁ ከሆነች፣ የሚወርደውም የጠራ ከሆነ፣ ቀዳዳዋን ይተዋት። የሚጎዳት ቀዳዳው ሳይሆን ቆዳዋ ሁልጊዜ እርጥብ መሆኑና ዝንቡ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተው አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት፤ ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ ጠዋትና ማታ ፊቷን ይጥረጉላት፣ ያድርቁት፣ ከዚያ እንባው የሚወርድበትን መስመር በስሱ ቫዝሊን ይቀቡላት። ቫዝሊኑ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ። እበቱን በየቀኑ ከጋጧ ይጥረጉ፣ በተለይ በመስከረም ዝንቡ ሲበረታ። ፈሳሹ ወደ መግል ከተለወጠ ግን ቅባቱን ሐኪሙ ይዘዝልዎ። ከመድኃኒት ቤት የተገኘ የዓይን ጠብታ ሁሉ ደግ አይደለም፤ ዴክሳሜታዞን ያለበት፣ ብሌኗ ላይ ቁስል ካለ፣ ዓይኗን እስከማጥፋት ሊያደርስ ይችላል። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ግን በደህና ለምታድግ ጥጃ ያን ያህል ወጪና ስቃይ አልመክርም።

የቀኝ ዓይኗንም አገላብጠው ይዩልኝ። በሁለቱም በኩል ካለ በዘር የመጣ የመሆኑ ጥርጣሬ ይጠነክራል። አድጋ ብትታለብ ቀዳዳዋ ወተቷን አይቀንስም፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ አይሽጧት። ወንድ ከወለደች ግን ለኮርማነት አያስቀሩት። ላሟን ያዳቀለውን ባለሙያም ያናግሩት፤ የኮርማውን ቁጥር መዝግቦ ከሆነ ላሟን ዳግመኛ በዚያው ኮርማ ዘር እንዳያዳቅልብዎ ይንገሩት።