ጭላዳና ሥር አሳባጭ ትል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የስሜኑን ጭላዳና ቲማቲም ሥር ውስጥ የሚኖረውን ነማቶድ፣ ያንን ሥር አሳባጭ ትል፣ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ሆዳቸው! ሁለቱም የሚኖሩት ከዕፅዋት ነው። በዝምድና እንኳ ነማቶዱ የሚቀርበው ለአንጀታችን ወስፋት ነው። ልዩነታቸው አበላላቸው ላይ ይወጣል። ጭላዳ ቁጢጥ ብሎ ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርሳል፤ ከዚያ ፈቀቅ ይላል። ሣሩም መልሶ ያቆጠቁጣል። ትሉ ግን ከገባ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ጥርስ አለው?

መልስ፦ የለውም፤ አፉ ውስጥ ያለው የሾለ ቀጭን ቱቦ ነው። አዲስ የተፈለፈለው ትል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሥሩ ጫፍ በኩል ሰርስሮ ይገባና ጥቂት ሕዋሳት ላይ ምራቁን ያፈሳል። ሕዋሳቱ ያለ ልክ ይገዝፋሉ፤ ተክሉም ለፍሬ የሚሆነውን ምግብ ወደዚያ ይልካል። ሴቷ እዚያው ተቀምጣ እየመጠጠች እንደ እንስራ ትነፋለች።

ጥያቄ፦ በመራባትስ ማን ይበልጣል?

መልስ፦ ይሄማ ውድድርም አይባል። ጭላዳ ስድስት ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትወልዳለች። ትሏ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ሜሎይዶጋይኔ ኢንኮግኒታ የተባለው ዝርያ እንዲያውም ለመራባት ወንድ አያሻውም። ያ ደረተ ቀዩ፣ ጎፈሬውን አንዠርግጎ የሚንጎማለለው የጭላዳ አውራ ይህን ቢሰማ!

ጥያቄ፦ ጭላዳ ሌላ አገር አለ?

መልስ፦ በዱር የለም፤ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ትሉ ሞቃት አገር ሁሉ አለ።

ጥያቄ፦ የባቄላዬ ሥር ላይ እባጭ አየሁ። ልንቀለው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ባቄላ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁለት ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት የራሱ እባጭ አለው። በጣት ሲገፉት ከሥሩ ተላቆ ከወደቀ፣ ሲሰነጥቁትም ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ጠቃሚው ነውና ይተዉት። ሥሩ ራሱ አብጦ አልላቀቅ ካለ ያን ጊዜ ትሉን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ቲማቲም ነው የማለማው፤ ትሉ ገብቶብኛል።

መልስ፦ እዚያው መደብ ላይ ቲማቲም አይድገሙ። የታመመውን ሥር ሰብስበው ያቃጥሉ፤ ዶማውንም ሳያጥቡ ወደ ሌላ ማሳ አይውሰዱ። ሚ የሚባል ዘረመል ያለው፣ ትሉን የሚቋቋም የቲማቲም ዘር አለ። ነገር ግን አፈሩ ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ መከላከያው ይከዳል፤ ቆላ ከሆኑ በእሱ ብቻ አይተማመኑ።