የጓሮ አትክልት ዘር ለመለዋወጥ ካሰቡ ሥራው የሚጀምረው አበባ ሳይወጣ ነው

ጠያቂዋ እህታችን ያነሱት ሦስት ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በልውውጥ ያገኙት የጎመን ዘር ቅጠሉን ሳይጠግቡት አበባ አወጣባቸው፤ የቃሪያው ፍሬ ዘሩ የተወሰደበትን ተክል ሳይመስል ቀረ፤ የቲማቲሙ ዘር ደግሞ ከነጭራሹ አልበቀለም። አሁን በተራቸው ከአዲስ አበባ ጓሯቸው ዘር ሰብስበው ለማካፈል አስበዋል፤ ያው ችግር ወደ ሌላው ጓሮ እንዳይተላለፍ ምን ላድርግ ይላሉ። ሦስቱ ችግሮች ምንጫቸው ለየቅል ነው፤ ስለዚህ ለየብቻ እመልሳለሁ።

ከጎመኑ ልጀምር፤ በከተማ ጓሮ የጎመን ዘር በብዛት የሚበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ለወጥ የምንቀጥፈው ከለምለሙ ተክል ነው። ቅጠሉ ሰፊ የሆነውን፣ ደጋግሞ የሚያቆጠቁጠውን እየቀጠፍን እንጨርሰዋለን፤ ቶሎ አገዳ አውጥቶ ያበበውን ግን «ይኼ መቼስ አይበላም፣ ለዘር ይሁን» ብለን እንተወዋለን። እንዲህ ስናደርግ ሳናስበው ቶሎ ማበብን መርጠናል። ጥቂት ዓመት ከተደጋገመ ያ ዘር ሁለት ዙር ቅጠል ሳይሰጥ የሚያብብ ይሆናል። መፍትሔው ተቃራኒውን ማድረግ ነው። ተክሉ ገና በቅጠል ሳለ ጥሩ ጥሩዎቹን ይምረጡና ግንዳቸው ላይ ቀይ ክር ይሰሩ፤ ከቤት ሰው ማንም እንዳይነካቸው ይንገሩ። ቀድሞ አገዳ ያወጣውን አበባው ሳይከፈት ነቅለው ይብሉት። ለዘር የሚቆዩት ዘግይተው የሚያብቡት ናቸው። ቁጥራቸው ቢያንስ 10፣ ቦታ ካለ 20 ይሁን፤ ከአንድ ሁለት ተክል ብቻ እየወሰዱ ዓመታት ከቀጠሉ ዝርያው ይጠብና ጉልበቱ ይቀንሳል።

የሐበሻ ጎመን (ጎመንዘር የምንለው) በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ነገር ግን ንብ ከጎረቤት ጎመን የምታመጣው ድርሻም ቀላል አይደለም። ዝርያው ራሱ በጥንት ጊዜ ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ ስለሆነ ሰናፍጭ አጠገቡ እንዲያብብ አይተዉ። በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ በርቀት መለየት የማይታሰብ ነው፤ የሚቻለው በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት ጎመን ብቻ እንዲያብብ ማድረግ ነው። ሌላውን ዓይነት በሚቀጥለው ዓመት ያስዘሩ፤ በደንብ የደረቀ የጎመን ዘር አራት ዓመት ያህል ስለሚቆይ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ጊዜውንም ያስሉት። ዘሩ የሚደርቀው ዝናብ በሌለበት ወር መሆን አለበት። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ የተዘራ ጎመን ከመስከረም በኋላ ያብብና ፍሬው በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ይደርቃል። በበልግ ዝናብ የሚደርስ ዘር ግን እዚያው አገዳው ላይ ይሻግታል ወይም ይበቅላል። አበባው ላይ ክሽክሽ ከወጣ በሳሙና ውሃ ይጠቡት፤ ችላ ካሉት ፍሬው ባዶ ይቀራል። ከታች ያሉት ቀጫጭን ፍሬዎች ገለባ መልክ ይዘው ውስጣቸው ያለው ዘር ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ የላዮቹን ሳይጠብቁ አገዳውን ይቁረጡት። ሁሉም እስኪደርቅ ከጠበቁ የመጀመሪያው ፈንድቶ መሬት ላይ ይበተናል፣ የቀረውን ወፍ ይለቅመዋል። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ ቢቆርጡ አይራገፍም። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርገው በወረቀት ከረጢት ወይም በንጹሕ ጆንያ ውስጥ በጥላ ይስቀሉት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ በእጅ ሲታሽ ይረግፋል። በወንፊት አሳልፎ በሰፌድ ማበጠር ነው።

ወደ ቃሪያው ስንመጣ የጠየቁት ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቃሪያና በርበሬ አንድ ዝርያ ናቸው፤ አጠገብ ለአጠገብ ከተተከሉ ንብ ታዳቅላቸዋለች። መዳቀሉ ግን በዚህ ዓመት ፍሬ ላይ አይታይም። ፍሬው የእናቱን መልክ፣ የእናቱን ጣዕም ይዞ ይወጣል፤ የተለወጠው ውስጡ ያለው ዘር ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ያ ዘር ተተክሎ ሲያፈራ ነው። ስለዚህ ማርኮ ፋና የተባለውን የበርበሬ ዓይነት ብንወስድ፣ «ፍሬው ማርኮ ፋና ነበር» ማለት ዘሩ ማርኮ ፋና ነው ማለት አይደለም። የሰጠዎት ሰው ዋሽቶ ሳይሆን አይቀርም ብለው ካሰቡ፣ ይኼን ያስቡለት።

መከላከያው ርካሽ ነው። ከአሮጌ የወባ አጎበር አንድ ክንድ ያህል ይቁረጡ። ጤነኛ ተክል ላይ ገና ያልተከፈቱ እምቡጦች የያዘ ቅርንጫፍ ይምረጡ፤ የተከፈተ አበባና የያዘ ፍሬ ካለበት አስቀድመው ይልቀሙለት። ቅርንጫፉን በአጎበሩ ከረጢት ይሸፍኑና አፉን ግንዱን ሳያንቁ በለስላሳ ክር ይሰሩ፤ ጉንዳን ሾልኮ እንዳይገባ ጥጥ ይጠቅጥቁበት። ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን ቀስ አድርገው ቢነቀንቁት የአበባው ብናኝ በራሱ ላይ ይራገፋል። ከሦስት እስከ አምስት ፍሬ ሲይዝ አጎበሩን ያንሱና እነዚያን ፍሬዎች ብቻ በክር ምልክት ያድርጉባቸው። ክሩ ካልታሰረ በኋላ መለየት አይቻልም። ፍሬው ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ፣ ከቻሉም እስኪጨማደድ ድረስ ተክሉ ላይ ይቆይ፤ ከአረንጓዴ ቃሪያ የወጣ ዘር ያልበሰለ ስለሆነ ቢበቅልም ደካማ ነው። ዘሩን ሲያወጡ ጓንት ወይም ፌስታል እጅዎ ላይ ያጥልቁ፤ ዓይንዎን አይንኩ።

ቲማቲም ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ አበባው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ሁለት ሦስት ሜትር ርቀት ለጓሮ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ያረጋግጡ፦ መጀመሪያ የገዙት ዘር ማሸጊያው ላይ «ኤፍ ዋን» (F1) የሚል ምልክት ካለው ዲቃላ ነው፤ ልጆቹ የተዘበራረቀ መልክ ያወጣሉ፤ ለልውውጥ አይሆንም። ከገበያ ተገዝቶ ከተበላ ቲማቲም የወጣ ዘርም እንዲሁ ምንነቱ ስለማይታወቅ ለራስዎ ይሞክሩት እንጂ ለሰው አይስጡ።

ሙሉ የበሰለውን ለሁለት ቆርጠው ፈሳሹን ከነዘሩ ብርጭቆ ውስጥ ይጭመቁት። ዘሩን የከበበው ዝልግልግ ነገር መብቀልን የሚከለክል ነው፤ የሚወገደውም በማብላላት ነው። ውሃ አያብዙበት፣ ጨርሶ ወፍራም ከሆነ ብቻ ጥቂት ያክሉ። በሻሽ ሸፍነው ከቤት ውስጥ ሙቀት ባለበት ያስቀምጡት፤ በቀን አንዴ ያማስሉት። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ቦታ ሁለት ቀን ይበቃዋል፣ በአዲስ አበባ ብርድ ሦስት አራት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ላዩ ነጭ ሽፋን ሲይዝና ዘሩ ወደ ታች ሲዘቅጥ ጨርሷል። ከዚያ ካለፈ እዚያው ውስጥ መብቀል ይጀምራል፤ የጀመረ ዘር ሲደርቅ ይሞታል። ውሃ ጨምረው የሚንሳፈፈውን ይድፉ፣ የዘቀጠውን በወንፊት ደጋግመው ይጠቡ፤ በሳህን ላይ ዘርግተው በቀን ሁለት ጊዜ በጣት ይበትኑት። ሶፍት ላይ ካሰጡት ተጣብቆ አይለቅም።

አሁን ወደ ማድረቁ። የእርስዎ የቲማቲም ዘር የሞተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዘር ገዳይ የሆኑ ሁለት ልማዶች አሉን፤ አንዱ በቆርቆሮ ላይ በቀትር ፀሐይ ማስጣት፣ ሌላው ገና እርጥበት ሳለ በፌስታል ቋጥሮ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ መተው። ከ35 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት እርጥብ ዘርን ይጎዳል፤ የጋለ ቆርቆሮ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያልፋል። በሰፌድ ላይ ስስ አድርገው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ያስጡት፤ ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት። መድረቁን የሚያውቁት የጎመን ዘር በጥፍር ሲጫኑት ከመጨፍለቅ ይልቅ ሲሰነጠቅ፣ የዱባ ዘር ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር፣ ፎሶሊያ በመዶሻ ሲመታ ሲፈረካከስ ነው። ከዚያ በኋላ ሩዝ በምጣድ ላይ ቀለሙ እስኪለወጥ ያምሱ፣ በተከደነ ብልቃጥ ያቀዝቅዙት፤ የዘሩን እጥፍ ያህል ሩዝ በጨርቅ ቋጥረው ከዘሩ ጋር ለሁለት ሳምንት ይክደኑት። ሩዙ የቀረውን እርጥበት ይስበዋል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትናንሽ ከረጢቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ስለጠገቡ አይረዱም።

ይህን ያህል የምደክምበት ምክንያት አለኝ። በዘር ሳይንስ የታወቀ ግምት አለ፦ የዘሩ እርጥበት በመቶ አንድ በቀነሰ ቁጥር፣ የሚቀመጥበትም ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር፣ ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፤ የዘር ባንክም ቢሆን አድርቆ ነው የሚያቀዘቅዘው። ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡ ከሆነ በጠበቀ ብልቃጥ ይሁን፤ ሲያወጡት ብልቃጡ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ አይክፈቱት፤ ከከፈቱት አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ዘሩ ላይ ያርፋል።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ሰላጣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ሲያወጣ ከረጢት ውስጥ እያጎነበሱ በየሦስት ቀኑ ያራግፉት። ፎሶሊያና አደንጓሬም ቀላል ናቸው፤ ጠላታቸው ነቀዝ ነው። እንቁላሉ ከጓሮ ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ በደንብ ካደረቁ በኋላ በፍሪዘር ለአንድ ሳምንት ያቆዩት። ፍሪዘር ከሌለ ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምረው እያንዳንዱ ፍሬ እስኪነካው ያሹት። ቆስጣና ቀይ ሥር በነፋስ እርስ በርስ ይዳቀላሉ፣ ብናኛቸውም ሩቅ ይሄዳል፤ ጥቅል ጎመንና ካሮት ደግሞ ለማበብ ረጅም ብርድ ይፈልጋሉ። እነዚህን አራቱን በጓሮ ከመድከም ዘራቸውን መግዛት ይሻላል። የቀይ ሽንኩርት ዘር ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ ስለሆነ የዓመቱን በዓመቱ እንጂ ከርሞ የቆየ አይቀበሉ።

ዱባ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዱባና ዙኩኒ ከመራራ ቅል መሰል ዘመዶቻቸው ጋር ከተዳቀሉ ልጆቻቸው መርዛማ ምሬት ሊያወጡ ይችላሉ፤ መራራ ዱባ በቅመም ሸፍኖ አይበላም፣ ይጣላል፣ ዘሩም ለማንም አይሰጥም። በእጅ ለማዳቀል ማታ ላይ በነጋታው የሚከፈቱ ቢጫ ያሉ እምቡጦችን ይፈልጉ፤ ሥሯ ትንሽ ዱባ ያላት ሴቴ ናት፣ ቀጭን ዘንግ ብቻ ያለው ወንዴ ነው። የሁለቱንም አፍ በክር ይሰሩ። በነጋታው ማለዳ የሌላ ተክል ወንዴ ቆርጠው ቅጠሉን ይላጡ፣ ብናኙን ሴቴዋ ላይ ይቀቡና አፏን መልሰው ይሰሩ። ዱባው ሙሉ በሙሉ ከበሰለና ከተቆረጠ በኋላም ዘሩ ሳይወጣ ሦስት ሳምንት ይቆይ።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው፦ ከማያውቁት ጓሮ አይቀበሉ። ነጭ ሽንኩርትን የሚያበሰብሰው ነጭ ሻጋታ አንዴ አፈር ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደቡብ የዝንጅብል ማሳ ያወደመውን የአጠውላጊ በሽታ በስፋት ካዛመቱት አንዱ ከእጅ ወደ እጅ የተሰጠው የተበከለ ዝንጅብል ነው። ከዘር የሚወጣ አትክልትም ቢሆን ቅጠሉ የተሸበሸበ፣ የተዥጎረጎረ ወይም ጠርዙ በቪ ቅርጽ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ የጠቆረ ተክል ለዘር አይቆይም። የጎመንና የቲማቲም ዘር ከጠረጠሩ በ50 ዲግሪ ውሃ ለ25 ደቂቃ ነክረው ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ይረዳል፤ ግን ቴርሞሜትር ከሌለዎት አይሞክሩት፣ ጥቂት ዲግሪ ከጨመረ ዘሩ ይቀቀላል። የተነከረ ዘር ስለማይቆይ በዚያው ወቅት ይዘራ።

ለልውውጥ አመቺው ጊዜ ግንቦት ነው፤ ከክረምት ተከላ በፊት። በሚያዝያ 20 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በፌስታል ያስቀምጡ። ጎመን በሳምንት፣ ቲማቲም በአሥር ቀን፣ ቃሪያ በሁለት ሳምንት መቁጠር ነው። 14ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ይስጡት፤ ከ10 በታች ከሆነ ለራስዎ ጥቅጥቅ አድርገው ይዝሩት እንጂ ለሰው አይስጡ። ለአንድ ሰው 25 የቲማቲም ወይም የቃሪያ ዘር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጎመን፣ 30 ፎሶሊያ፣ ስምንት የዱባ ዘር በቂ ነው። ፖስታው ላይ ስሙን፣ የበቀለበትን ከተማና ከፍታ፣ የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት፣ ከስንት ተክል እንደተወሰደ፣ በአጎበር ተሸፍኖ እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ ከ20 ስንት እንደበቀለ በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ሊፈስስ ይችላል። «አልተሸፈነም» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ተቀባዩ አውቆ ይሞክረዋል። ከፍታውን የምለው 1,600 ሜትር ላይ ያለ የአዳማ ጓሮ ቲማቲም 2,400 ሜትር ላይ በክረምት ዋግ ሊመታ ስለሚችል ነው። ካለዎት ግማሹን ሁልጊዜ ለራስዎ ያስቀሩ፤ ከሚያካፍሉትም ቢያንስ ለሁለት ሰው ይስጡ፣ የአንዱ ቢጠፋ ከሌላው ይገኛል።

ያልበቀለው የቲማቲም ዘር ትራፊ ካለዎት አይጣሉት። ከላይ እንዳልኩት 20 ፍሬ በጨርቅ ይሞክሩ። ሁለት ሦስት እንኳ ብቅ ካሉ የቀረውን በሙሉ ጠጠር በሌለበት ለስላሳ አፈር፣ ከአንድ ሴንቲሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ይዝሩት፤ አንዲት ጤነኛ ተክል ከያዘችልዎ ከአንድ ፍሬዋ ከመቶ በላይ ዘር ሊያገኙ ይችላሉ። ሁሉም ለስልሶ ከሻገተ ግን ሞቷል፣ ከሌላ ሰው ይጠይቁ፤ ሲጠይቁም መቼ እንደተሰበሰበና እንዴት እንደደረቀ አብረው ይጠይቁ።