የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጂኦካሺንግ በደን ውስጥ

ጥያቄ፦ ጂኦካሺንግ፣ ማለትም በጂፒኤስ እየተመሩ ሌሎች የደበቁትን ሣጥን የመፈለግ ጨዋታ፣ በቅርቡ ጀምሬያለሁ። ጫካ ስገባ ስልኬ «3 ሜትር ቀረ» ይለኛል፤ ጥቂት ስራመድ 15 ሜትር ይሆናል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ስልክዎ ጤነኛ ነው። የሳተላይቱ ሞገድ መሬት ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው፤ ቅጠል፣ በተለይ ዝናብ ያረሰረሰው፣ ይበልጥ ያደክመዋል። የባሰው ችግር ግን ሞገዱ ከግንድ ወይም ከገደል ነጥሮ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ስልኩ ርቀት የሚያሰላው ሞገዱ በፈጀው ጊዜ ስለሆነ የዘገየውን ከሩቅ እንደመጣ ይቆጥረዋል። ገላጣ ሜዳ ላይ 5 ሜትር ገደማ የሆነው ስህተት ጥቅጥቅ ባለ ደን 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሣጥኑን የደበቀውም ሰው የለካው እዚያው ዛፍ ሥር ስለሆነ የሱም ስህተት አለበት።

ስለዚህ 30 ሜትር ያህል ሲቀርዎ ቆም ይበሉና የስልክዎ ቀስት የሚያሳየውን አቅጣጫ በአንድ ዛፍ ምልክት ይያዙ። ዞረው ከሌላ ጎን፣ ከተቻለም ከሦስተኛ ጎን ይድገሙት። አቅጣጫዎቹ የሚገናኙበት አካባቢ መፈለጊያዎ ነው። ቀስቱ ከተቃወሰ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ ያወዛውዙት።

ኮኦርዲኔቱ፣ ማለትም ቦታውን በዲግሪና በደቂቃ (የዲግሪ 1/60ኛ) የሚገልጸው ቁጥር፣ በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደገባም ያረጋግጡ። 30.500 ደቂቃ ማለት 30 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው፤ 30 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ብለው ካስገቡት፣ በሰሜን-ደቡብ አቅጣጫ ከ600 ሜትር በላይ ይስታሉ።

ጥያቄ፦ ሣጥን ስፈልግ የማየው እንጉዳይና ነፍሳት ከሣጥኑ ይልቅ ይማርከኛል። ሳልጎዳቸው እንዴት ልመልከት?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ በእኛ እምነት የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ከወደቀ ግንድ ይጀምሩ። ግንዱን ከፊት ለፊትዎ አድርገው፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ይዘው ወደራስዎ ቀስ ብለው ያንሱት። እባብ ቢኖር ግንዱ በመሃል ይጋርድዎታል፣ መውጫውም ወደ ወዲያ ይሆናል። ባዶ እጅ ወደ ጉድጓድ ከመስደድዎ በፊት በዱላ ይነካኩ።

ሥሩ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ነጫጭ ክሮች ካዩ፣ የፈንገሱ ዋና አካል እሱ ነው፤ ከላይ የሚታየው እንጉዳይ ፍሬው ብቻ ነው። እነዚህ ክሮች እንጨቱን እያፈራረሱ ወደ አፈር ይመልሱታል። እንቁራሪት ቢያገኙ አይንኩ፤ ቆዳዋ እርጥብና ፈሳሽ የሚያሳልፍ ስለሆነ በእጅዎ ያለው የትንኝ መከላከያ ቅባት ይገባባታል። ግንዱን ሲመልሱ ከሥር የነበረውን ፊት ወደ ታች አድርገው በቦታው ያሳርፉት። ገልብጠው ከተዉት እርጥበቱ ይተናል፤ ሥሩ የነበረው ሕይወት ይደርቃል ወይም ይሰደዳል።

10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይያዙ። ድንጋይና ቅርፊት ላይ ተለጥፎ የሚያድገው ግራጫ ላይክን ፈንገስና አልጌ ተባብረው የሚኖሩበት ነው። ብዙው ዓይነት በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ስለሚያድግ በጫማ የተፋቀው ቶሎ አይመለስም።

ይህ ዓይን ሣጥኑንም ያስገኝልዎታል። ነፋስ እንጨትን ጎን ለጎን አሰልፎ አይጥልም፤ ከዛፍ ሥር የተደረደረ ጭራሮ ካዩ ሰው ነክቶታል።

ጥያቄ፦ ሣጥኑ ውስጥ ከረሜላ ላስቀምጥ? ቆፍሬስ ልቅበረው?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆንም። የምግብ ሽታ አውሬ ይጠራል፤ ፕላስቲኩንም ያስቆረጥማል። መቅበር በጨዋታው ደንብ የተከለከለ ነው፣ ሥርም ይቆርጣል። ሣጥኑን ያገኙ ሰዎች ለሚፈርሙበት ደብተር እርሳስ ይሻላል፤ እርጥበት ባለበት የብዕር ቀለም ይፈሳል።

ጥያቄ፦ አካባቢዬ ያለው ጥብቅ ደን ሣጥን ማስቀመጥ ይከለክላል። ምን አማራጭ አለኝ?

መልስ፦ ኧርዝካሽ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሜሪካ የሥነ ምድር ማኅበር ጋር የተጀመረ ሲሆን ሣጥን የለውም። ኮኦርዲኔቱ ወደ አንድ የምድር ገጽታ፣ ለምሳሌ ወደ ፏፏቴ ወይም ወደ ዓለት ንጣፍ ይወስድዎታል፤ እዚያ ተመልክተው ኧርዝካሹን ያዘጋጀው ሰው ለጠየቃቸው ጥያቄዎች መልስ ይልኩለታል። ራስዎ ሊያዘጋጁ ከፈለጉ የደኑን አስተዳደር አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ጥያቄዎቹንም ቦታው ላይ ሳይደርሱ የማይመለሱ አድርገው ያውጧቸው።