ለአባትሽ የታሪክ ፕሮግራም ለጠየቅሽው

እህቴ፣ "አባቴ ጡረታ ወጥተው ቤት ነው የሚውሉት፣ አይናቸው ስለደከመ ማንበብ ትተዋል፣ በሬዲዮና በቲቪ ምን ጥሩ የታሪክ ፕሮግራም አለ?" ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኛም ቤት ልክ እንዲሁ ነበር፣ አባቴ የመጨረሻ አመታቱን ከሬዲዮ ጋር ነው ያሳለፈው። ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

1. ሸገር ሬዲዮ 102.1 ላይ የእሸቴ አሰፋ "መቆያ" የሚባለው ፕሮግራም። ይሄን ያለ ክርክር አስቀድሚው። ድምጹ የተረጋጋ ነው፣ አንዴ ከአገር ቤት አንዴ ከውጭ አለም እያመጣ ይተርካል፣ ለደከመ ሰው ይመቻል። እዛው ሸገር የመአዛ ብሩ የጨዋታ እንግዳም አለ። መአዛ እንግዳዋን አታጣድፍም፣ ሰውየው ከልጅነቱ ተነስቶ እንዲያወራ ጊዜ ትሰጠዋለች። ከታሪክ ጸሐፊው ከአምባሳደር ዘውዴ ረታ ጋር ያደረገችውን ፈልገሽ አሰሚያቸው፣ አባቴ እሱን ሲሰማ የሚያናግረውን ሰው ዝም በል ይል ነበር።

2. ማታ 1 ሰአት ዶይቸ ቬለ አማርኛ፣ የጀርመኑ ሬዲዮ። ስለ አፍሪካ የታሪክ ሰዎች ያዘጋጁት ተከታታይ ነበራቸው፣ እቴጌ ጣይቱም በዛሬዋ ጋና የአሻንቲ ሕዝብ ጀግና የነበረችው "ያ አሳንቴዋ"ም አሉበት፣ አጫጭር ነው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ለቲቪ ደግሞ ዘይነብ በዳዊ ለቢቢሲ የሰራችው የአፍሪካ ታሪክ፣ እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆች አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይተርጉሙላቸው፣ ልጆቹም በዛው ይማራሉ። የኛ ቲቪ ላይ የሚመጣውን ግን መርጠሽ ነው። ሙዚቃው ከተራኪው በላይ የሚጮህ፣ ከየት መጽሐፍ እንዳገኘው ከማን እንደሰማው የማይናገር ከሆነ ቀይሪው። የአባቴ መለኪያ ካራማራ፣ በ1970 የሶማሊያ ጦር የተሸነፈበት ውጊያ ነበር፣ የኩባ ወታደሮችን ስም ሳያነሳ ካራማራን የሚጨርስ ፕሮግራም ሌላውንም ሸፋፍኖ ነው የሚያልፈው ይል ነበር፣ እውነቱን ነው፣ እሱ እዛው ነበረ።

3. የካቲትን ጠብቂ። የካቲት 12 አለ፣ 23 አድዋ አለ፣ 26 ካራማራ አለ፣ የ66ቱ አብዮትም የሚነሳው በዚሁ ወር ነው። ሌላ ጊዜ ታሪክ የማያወሩ ጣቢያዎች እንኳን ያን ሰሞን የቆዩ ሰዎችን ፈልገው ያቀርባሉ፣ ስልክም ይከፍታሉ፣ ምርጡ እሱ ነው። ግን ዋናውን ነገር ስሚኝ፣ ደውሎ የገባ ሰው ድምጽ በአየር ላይ ሲያልፍ እዛው ካልቀዳሽው ማንም አያስቀምጥልሽም።

አባቴ በ1969 ከታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ የወጣ ሚሊሺያ ነበር። አንድ የካቲት 26 ቀን የካራማራ ልዩ ዝግጅት ሲተላለፍ ደውሎ መስመር ላይ ገባ። ለኛ ለልጆቹ ነግሮን የማያውቀውን ነው የተናገረው፣ ሶማሊያ ጅጅጋን ከያዘች በኋላ ስለነበረው ሁኔታ፣ ስለ ውሃ ጥሙ፣ አጠገቡ የወደቁትን ጓደኞቹን በስም እየጠራ። እኔ ያን ቀን በስራ ጅማ ነበርኩ። ሲያርፍ ለአርባው ድምጹን እናሰማ ተባባልንና ጣቢያው ድረስ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ጥበቃው ደብዳቤ አለህ አለኝ። ደብዳቤ አጽፌ ሄድኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ሌላ ቀን ሄድኩ፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ነው ያለው፣ መዝገብ ቤት ደግሞ አልመጣልንም አሉኝ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ከስልኩ ላይ ቀና እንኳን ሳይል "የስልክ አስተያየት አናስቀምጥም፣ በላዩ ተቀድቶበታል፣ ደግሞ አባትህ ታዋቂ ሰው ናቸው እንዴ?" አለኝ። የሞተበት ሰው ፊቱ ቆሞ እንዲህ ይባላል? ለአገሩ የዘመተ ሰው ድምጽ ነው እኮ፣ እስከዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ሌላ አገር ቢሆን ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ነበር የሚቀዱት።

እኔ ግን አልተውኩትም። ሰፈራችን ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ አሉ፣ የበአል ቀን ፕሮግራም አያመልጣቸውም ሲባል ሰምቼ በራቸውን አንኳኳሁ። የካሴት መደርደሪያ አላቸው፣ እያንዳንዱ ላይ ቀኑና አመተ ምህረቱ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። የካቲት 26 የሚለውን አውጥተው ቴፑ ውስጥ ከተቱት፣ መጀመሪያ የጋዜጠኛው ድምጽ ከዛ የአባቴ ሳል፣ ከጀርባው እናቴ "ቡናው ቀዘቀዘ" ስትል ይሰማል። ለአርባው አሰማነው፣ አሁን የሁላችንም ስልክ ላይ አለ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ለልጆቿ ታሰማለች። ጋሼ አስር ሳንቲም አልተቀበሉኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።

ስለዚህ የኔ እህት፣ አባትሽ ሬዲዮ ላይ አንድ ነገር ሰምተው "እኔ እኮ እዛ ነበርኩ" ካሉ ሬዲዮውን ቀንሺና እሳቸውን ቅጂ፣ ፕሮግራሙ ይደገማል። ለሚደውሉበት ቀን ደግሞ ሁለት ስልክ አዘጋጂ፣ በአንዱ እሳቸው ይደውሉ፣ ሌላውን ሌላ ክፍል ሬዲዮው አጠገብ አስቀምጠሽ ቅጂ፣ አንድ ክፍል ከሆነ ድምጹ ይጮህና ጋዜጠኛው መስመሩን ይዘጋባቸዋል። የሚቀዳውን ስልክ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ጥሪ ከገባ መሃል ላይ ይቆረጣል። እንዳለቀም ያኔውኑ ለወንድሞችሽ በቴሌግራም ላኪው።